«ሐዘን ነው» ተብለው የተመለሱት ዶክተር አዝመራ በላቸው

ዶክተር አዝመራ በላቸው ከአባታቸው ከአቶ በላቸው ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች ወርቅነህ በኅዳር ወር 1964 ዓ.ም. ዳባት አካባቢ ተወለዱ። ይህን የእኅቴን ታሪክ እንድጽፍ ቤተሰቡ ያዘዘኝ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ደመቀ ነኝ። ረጋ ብለህ ጻፍ ተብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ዳባት፣ ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ተምረዋል። አዲ አርቃይ የሚኖሩት አክስታችን ወይዘሮ የትነበርሽ ስንቅና ልብስ እየላኩ አስተማሯቸው። ሕክምና ተምረው በ1989 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ቆይተውም በውስጥ ደዌ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆኑ። በ1992 ዓ.ም. ከመምህር ሰውነት አወቀ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው መስከረምንና ዕንባቆምን ወለዱ።

የሥራ ዘመናቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት በድንገተኛ ክፍል በሽተኛ በማየትና ወጣት ሐኪሞችን በማስተማር ነው። ቁጡ ነበሩ። ይህን ደብቀን አንቀብርም። በተለይ ኢሲጂ የሚባለውን፣ የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያሰፍረውን ምርመራ አይቶ በሽተኛውን ሳያይ የሚወስን ሐኪም አይወዱም ነበር። «ወረቀቱ ግማሹን ነው የሚነግራችሁ፤ ግማሹን በሽተኛውን ጠይቁት» ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ደረታቸውን ይዘው ከሳንጃ መጡ። ወረቀቱ ሲታይ ሁሉም «ሃርት አታክ ነው» ብሎ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት ሊሰጣቸው ተነሣ። ዶክተር አዝመራ «ቆዩ!» ብለው ጮኹ። ሰውየውን ቀና አድርገው አስቀመጧቸውና «አሁንስ?» አሏቸው።

«ስቀመጥ ሸጋ ነው፤ ስተኛ ነው የሚወጋኝ» አሉ ነጋዴው።

ሕመሙ ሃርት አታክ የሚመስል የልብ ሽፋን መቆጣት ነበር። መድኃኒቱ ቢሰጣቸው ኖሮ ሽፋኑ ደም አፍስሶ ልባቸውን ሊያፍነው ይችል ነበር። እኒህ ሰው ዛሬ ከመካከላችን ቆመው ያለቅሳሉ።

ተቃራኒውንም ያስተምሩ ነበር፦ ሃርት አታክ የማይመስል ሃርት አታክ አለ። በሴቶች ላይ በመንጋጋ፣ በጀርባ፣ በማቅለሽለሽ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ወረቀት ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ሰው አይሸኝም፤ ሕመሙ ካለ ምርመራው ይደገማል።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. አክስታችን ዐረፉና ለቀብር አዲ አርቃይ ወረድን። በማግስቱ ረፋድ ላይ እኅቴን መንጋጋቸውን አመማቸው፤ አላባቸው፤ አስመለሳቸውም። ስሙን ዛሬ ወደማልጠራው፣ መንገድ ዳር ወዳለ የጤና ተቋም ወሰድኳቸው። ጥቁር ልብስ እንደለበሱ ነበሩ። ባለሙያው ኢሲጂ አነሣና «ንጹሕ ነው። ሐዘን ነው፤ ሲያለቅሱ ስለሰነበቱ ነው» አለ።

«እኔም ሐኪም ነኝ» አሉት። «አሁን ንጹሕ መሆኑን አይቻለሁ። ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። አስፕሪን ስጠኝ፤ ትንሽ ቆይተህም ድገመው።»

«እናቴ፣ ራስዎን አያስጨንቁ» አላቸው። የጨጓራ መድኃኒት ሰጣቸው፤ ማሽኑ ያለበትን ክፍል ቆልፎም ምሳውን ሊበላ ሄደ። በሩን ደበደብኩ። ለመንኩ። የሰማኝ ዘበኛው ብቻ ነበር፤ እርሱም ቁልፍ አልነበረውም።

መኪና ተለምኖ ሊማሊሞን ስንወጣ እጄን ይዘው «ደመቀ፣ ድገመው ብዬው ነበር እኮ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ደባርቅ የተቀበሉን ሐኪሞች ወዲያው ኢሲጂ አነሡ፤ አሁን ማንም የማይስተው ሃርት አታክ ታየ። የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ዶክተር አዝመራ በላቸው የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኔን፣ እንዲሁም በአንድ ሳምንት ውስጥ እኅታቸውንና ልጃቸውን የቀበሩትን እናታችንን ወይዘሮ ታየችን ትተዋል።

ሊያጽናኑን የመጡ ብዙዎች «ቀናቸው ነው፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለውናል። እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን እግዚአብሔር በር አልቆለፈም። ሰው ያደረገውን በእርሱ አናላክክም። ያ ባለሙያ በሕግ ፊት ቀርቦ እስኪጠየቅ ድረስ ቤተሰቡ ዝም አይልም።

የፈጠራቸው አምላክ ለደከመችው ነፍሳቸው በደጁ ማረፊያ ይስጥልን፤ ልጆቻቸውንና እናታችንን ያጽናልን። እኛን ግን ቁጣችንን ቶሎ አያስረሳን። አሜን።