ጀምበሬ ብቻ የምታውቀው መንገድ

ካርቱም፣ ቡሪ፤ ኅዳር 8 ቀን 2017

ወንድሜ ሙባረክ፣ ቃሉ የእማ ነው፤ የምጽፈው እኔ ሬሕማ ነኝ። መጨረሻ ላይ ከራሴም ትንሽ ልጨምር ፈልጌያለሁ፤ ግን እየፈራሁ ነው።

«ልጄ፣ አሏህ እዚያ ቱርክ፣ በሰው አገር፣ የሰው ፍቅር ይስጥህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ተኩሱ ግን ትናንት ቀረብ ብሎ ነበር። እንደነገርከኝ፣ የምህንድስና መምህርህ የድልድይ ሞዴል ለአራት ሥሩ ቢላችሁ ብቻህን ሠራኸው። ጓደኞችህን ‹አሠራሩን አስረዱኝ› ሲላቸው አቃታቸውና አራታችሁም ወደቃችሁ። ደግመህ ከወደቅህ ቱርኮቹ ወደዚህ ጦርነት እንዳይመልሱህ እፈራለሁ፤ እንቅልፍም የለኝ።

እኛም ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ ወታደር የሌለበትን መንገድ የምታውቀው ጎረቤታችን ጀምበሬ ብቻ ነበረች። ስትታመም መሄጃው ጠፍቶን በጥም ልናልቅ ነበር። ‹አንቺ፣ ብትሞቺ መንገዱን ይዘሽው ልትቀበሪ ነው?› አልኳት። ‹ማን ጠየቀኝና!› አለችኝ። አንተ ሳትጠየቅ አስረዳቸው። አብሽር፣ አይዞህ፣ በቱርክኛ አነጋገርህ ቢስቁም አትተው። ካስረዳሃቸው በኋላ ድምፅህን አሰማኝ። አሏህ ከክፉ ይሰውርህ።»

እማ እያለቀሰች ነው። ጀምበሬ ድናለች። እኔ ሰው ማናገር ስለምፈራ ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምከተለው። ነገ ግን ከፊት፣ ከጀምበሬ ጎን ሆኜ መንገዱን እንድታሳየኝ እጠይቃታለሁ።