ሚካኤልን ተሸክሜ የወረድኩባት ቁልቁለት

ለይታይሽ፣ ለቤቴ እመቤት፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶ። ከዚያ የሚቀጥለውን ታውቂዋለሽ። ለጎረቤቱ ሁሉ ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠሽ ጥጥሽን እየፈተልሽ፣ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የምትለዋን ቃል ከአፌ ትቀድሚኝ ነበር። ዛሬ እዚህች ላይ ስደርስ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። ስለዚህ ሰላምታውን ልተወውና ወሬውን ልንገርሽ። ከተለየሽን ክረምቱ አለፈ፤ መስቀልም ጠባ፤ አሁን ጤፍ እየታጨደ ነው።

ወደ ሰፈራችን ተመልሰናል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ምሽጉ ውስጥ ሆኖ ተመልሳችሁ እረሱ፣ አልነካችሁም ብሎ አስነገረ። ያመነው የለም፤ ግን ቆላው ሕፃናቱን በንዳድ ስለፈጀብን ወጣን። ቤታችን ተቃጥሏል። ግድግዳው ቆሟል፤ እኔ ግን ውስጡ ለመግባት አንጀቴ ስላልቻለ ጓሮ ጎጆ ቀልሼ ከልጃችን ከስንዱ ጋር እዚያ ነን። ባሏ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው። እሷ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ግንባሩ ያንቺ ነው፤ ቁጣውም። ዳልቻዋ ላምሽ ከቃጠሎው አምልጣ ኖሮ ስንመለስ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘናት። ለስንዱ ትታለባለች፤ እኔን ግን ትራገጣለች። ድሮም አትወደኝም፤ አንቺም ታበረታቻት ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችንንም አቃጥለውታል። ሰዉ ሣር አጭዶ በቦታው ዳስ ሠራና ታቦቱን ከተደበቀበት ዋሻ አምጥቶ አስገባ። ተሸክመው ያመጡት አባ ገብረ ሕይወት ናቸው፤ በዚያ እድሜያቸው፣ በየድንጋዩ እያረፉ። እኔ ወገቤን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም ነበር።

አንቺው የነበርሽበትን ለምን መልሼ እንደምነግርሽ አላውቅም፤ ግን እሱን ካላነሣሁ የቀረው አይገባሽም። ጭሱ ከታችኛው ሰፈር ሲታይ አንቺ ከተስቦ ገና መነሣትሽ ነበር። ወንዱ ዘምቷል፤ የቀረነው ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ነን። ታቦቱን ይዞ ያንን ገደል መውረድ የሚችል ካህን እኔ ብቻ ነበርኩ። ሚካኤልን በራሴ ላይ ተሸክሜ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን፤ ጥላ የለ፣ ከበሮ የለ፣ እልልታ የለ። ታቦት የተሸከመ ሰው አይናገርም፤ ወደ ኋላ አይዞርም፤ እጁን ለሌላ ነገር አይሰጥም። አንቺ ከኋላዬ ነበርሽ፤ እስትንፋስሽን እሰማው ነበር። ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ስንደርስ እስትንፋስሽ ራቀ። ቆምኩ። እኔ ስቆም ከኋላ ያለው ሁሉ ቆመ። ሰው ፊት ዘወትር አንቱ ነበር የምትይኝ፤ ያን ዕለት ግን ሁሉም እየሰማ፣

«ሂድ፤ አትዙር። እደርስብሃለሁ» አልሽኝ።

ሄድኩ። ታቦቱን ዋሻው ውስጥ አሳርፌ ሽቅብ ስሮጥ ሴቶቹ ተሸክመውሽ ሲወርዱ አገኘኋቸው። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ፍትሐትሽን ራሴ ደገምኩ። አፌ አልተሳሳተም፤ ልቤ ግን አንዲት ነገር ይዞ ቀረ። እኔ እሱን ተሸከምኩለት፤ እሱ አንቺን አልተሸከመልኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህችን ይዤ ነው የምተኛው፤ ይህችን ይዤ ነው የምነሣው።

እኛኮ በቁርባን የተጋባን ነን፣ ይታይሽ። ዲማ ደብር ተምሬ ዲያቆን ሆኜ የመጣሁ ጊዜ አባትሽ ድምፁ ያማረ ነው ብለው ሰጡሽ፤ አንቺ ግን ያ ድምፅ ቤተ መቅደስ ይቀርና ቤት የሚመጣው ጉንፋኑ ብቻ ነው ትይኝ ነበር። ሁለቱን ልጆቻችንን በኩፍኝ የቀበርን ጊዜ ደግሞ ለምን ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ዲማ የተማርኩትን ትርጓሜ ዘርግቼ መለስኩልሽ። እስክጨርስ ታግሰሽ ይሁን አልሽና እንባሽን ጠርገሽ ወደ ሥራሽ ሄድሽ። አሁን ያንኑ መልስ ለራሴ ብመልሰው አልዋጥ አለኝ። አንዳንድ ጧት የሚሰማ አለ ብዬ እነሣለሁ፤ ማታ ላይ ጸሎቴ ከጎጆዬ ጣራ አያልፍም። ሌላ ቀን ደግሞ የለም ብዬ እቆርጥና ወዲያው አምላኬ ምን ሆንኩ እላለሁ፤ የለም ያልኩትን እየጠራሁ። ይህን ለማን ይነግሩታል? ሕዝቡ እኔን አይቶ ነው የሚጽናናው።

ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ አይቆምም። ከቃጠሎውና ከንዳዱ የተረፍነው ደግሞ ልክ አምስት ነን። እኔ ካልገባሁ ቅዳሴ የለም፤ ታቦቱ ከተመለሰ ጀምሮም አልተቀደሰም። ወገቤን እንዳልኩ ቆየሁ። ለወገቤ ፌጦ ያልወቀጠችልኝ ሴት የለችም፤ ሁሉንም ጠጣሁት፤ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ሲሰነብት ግን ሐሜቱ መጣ። ቄስ ሚስቱ ሞታበት ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀራል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሰዉም የእኔን ከመቅደስ መራቅ በዚህ ተረጎመው፤ ቄስ ዘለቀ ሊያገባ ነው ተባለ። አንድ ቀን ስንዱ ልጇን ታቅፋ መጥታ ፊቴ ቆመችና ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። አንቺ ብትኖሪ ጎንሽን እስኪያምሽ ትስቂ ነበር። እኔም ልስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ እሷም አብራኝ አለቀሰች። ኋላ የልጇ የክርስትና ቀን መቃረቡን ነገረችኝ። ሌላ ደብር ወስዳ እንዳታስነሣው መንገዱን ባንዶች ይዘውታል።

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ገብረ ሕይወት ሄድኩ። ማሳቸው ላይ ነበሩ፤ ማጭዳቸውን ሳይጥሉ ሰሙኝ። ከወንድሙ የተጣላ ሳይታረቅ ወደ መሥዋዕቱ አይቅረብ ተብሏል፤ እኔ የተጣላሁት ከመሥዋዕቱ ጌታ ጋር ነው፤ በምን አፌ ልግባ አልኳቸው። መኖሩንም የምጠራጠርበት ቀን አለ አልኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። የእሳቸውም ልጅ ከአርበኞች ጋር በረሃ ወርዶ እንደቀረ ሳልረሳ ነው ይህን ሁሉ የተናገርኩት።

«እኔስ የታረቅሁ መሰለህ?» አሉኝ። «እኔም መቅደስ ቆሜ የምጠይቀው አለኝ። ግን አምስት ካልሆንን እኔም መቆም አልችልም። አንተ ስታኮርፍ የኔንም አስታጎልክብኝ።»

ቀኖናዬን ሰጡኝ። ስግደት አይደለም፣ ጾምም አይደለም፤ ለኅዳር ሚካኤል መቀደስ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ማጨዳቸውን ቀጠሉ። እኔም ቆሜ ማየቱ አሳፍሮኝ እስኪመሽ አብሬያቸው አጨድኩ።

ኅዳር ሚካኤል አለፈ፤ ገብቻለሁ። ዘቢቡ ከደብረ ማርቆስ ገበያ በጨው ቋጠሮ ውስጥ ተደብቆ መጣልን። መጋረጃችን የስንዱ ነጠላ ነው። አስቀድመን ሕፃኑን ክርስትና አነሣነው፤ ውሃው ሲነካው ጮኸ፣ እኛም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅን። ከዚያ ቅዳሴው ተጀመረ። ብርሃን አልታየኝም፤ ድምፅም አልሰማሁም። ጥርጣሬዬ አብሮኝ ገብቶ አብሮኝ ቆመ። ሙታን በስም ወደሚታሰቡበት ደረስኩ። ሰፈሩ የሚያውቅሽ ይታይሽ ብሎ ነው፤ እዚያ የሚጠራው ግን የክርስትና ስም ነው። ወለተ ሐና አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከነጠላው ወዲያ ስንዱ ስትንሰቀሰቅ ሰማሁ። አባ ገብረ ሕይወትም ተከትለው የልጃቸውን ስም ጠሩ፤ ሲቆጡ በሚናገሩበት ድምፅ ነበር የጠሩት።

እምነቴ ተመለሰ ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬም ጧቱ ሌላ ነው፣ ማታው ሌላ ነው። ግን ስምሽ ከአፌ ሲወጣ፣ ከዚያች ቁልቁለት ወዲህ ገና ያኔ ወደ አንቺ የዞርኩ መሰለኝ። ናፍቀሽኛል፣ ይታይሽ። የማዝነውም የምቆጣውም ስለ አንቺ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዲማ የተማርኩት ይበቃኝ ነበር።

እንግዲህ ቃሌን ልስጥሽ። ባመንኩበት ቀንም፣ ባላመንኩበት ቀንም እገባለሁ፤ ወለተ ሐናን በስሟ ሳልጠራ አልወጣም። እኔ ሳልችል ስቀር ልጅሽ ታስጠራሽ ዘንድ አስተምሬያታለሁ። አንቺም እዚያ ጌታን ካገኘሽው፣ ባልሽ ገና እንዳልታረቀው ንገሪልኝ። ቅዳሴም እንደማያስታጉል ንገሪልኝ።

ባልሽ ቄስ ዘለቀ