ቋንጃዬ አልተበጠሰም

ለታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ደም ግፊትህስ? ይህን ስታነብ መነሳቱ ስለማይቀር ቁጭ ብለህ አንብበው። ባለቤትህና ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እንደ ድሮው ጥርሴን ነክሼ አይደለም።

ጋሼ፣ ተናድጃለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብዬ ነበር፤ ሆዴ ግን እኔኑ ፈጀኝ።

“እህቴ የሐኪም ቢላ ፈርታ ሸሸች” እያልክ ለእግር ኳስ ቡድናችን ሁሉ ማውራትህን በረኛችን ነገረችኝ። እኔ ነኝ ፈሪዋ? የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ተረከዜ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለኝ፣ የመልበሻ ክፍሉን በር ዘግተህ ወጌሻውን “መርፌ ውጋት!” ያልከው አንተ አይደለህም? በመርፌ የደነዘዘ እግር መሬት መርገጡን እንኳ አያውቅም። ከእረፍት መልስ ኳስ ተከትዬ ስሮጥ ከኋላ የረገጡኝ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም አልነበረም። የገዛ ቋንጃዬ ነበር፤ የተረከዜ ጅማት። ወድቄ ሳለሁ ከመስመሩ ዳር “ተነሺ፣ አታስመስዪ!” አልከኝ። አሠልጣኝነትህ ወንድምነትህን በላው።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ፣ “ጅማቱ ተሰነጠቀ እንጂ አልተበጠሰም፤ ከታገሠች ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል” ሲል፣ አንተ ምን አልክ? “ቅደዱላትና እንገላገል፤ ሊጉ ሊጀመር ነው።” እኔ እኮ አልጋው ላይ ነበርኩ! እግሩ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጀመሪያ ጫማዬ ውስጥ ተረከዜን ከፍ የሚያደርግ ነገር አስገባችልኝ። ሕመሙ ጋብ ሲል ደረጃ ጠርዝ ላይ አቁማ፣ “ተረከዝሽን ቀስ አድርገሽ አውርጂ” አለችኝ። ቀላል ይመስላል፣ አይደል? ላቤና እንባዬ እየተቀላቀለ ስንቴ እዚያው ደረጃው ላይ ተዘርፍጫለሁ። ትንሽ ሻል ሲለኝ ልሩጥ ብል ተቆጣችኝ። “ጅማት ቂመኛ ነው፤ ከቸኮልሽበት መልሶ ይይዝሻል” አለች። በዕድሜዬ ለእግሬ አዝኖ የተቆጣኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ባለፈው ሳምንት ከቤቴ ጀርባ ያለውን ሜዳ በሩጫ ዞርኩት። ማንም አላጨበጨበም። ማንም አልጮኸብኝም። አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ “ተመለሺ፣ ማልያሽ ይጠብቅሻል” ብለህ ትልክብኛለህ። አያፍሩም እንዴ ሰዎች! ማልያዬን ታናሽ እህታችንን አልብሰሃታል። ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ ይዛ ነው የምትራመደው፤ ግራ ተረከዟ ሲነኩት ይግላል። እንዴት አወቅሽ እንዳትለኝ። አንድ መርፌ ይበቃታል ማለትህንም ሰምቻለሁ።

ለቅዳሜው ጨዋታ ሌላ አጥቂ ፈልግ። እናታችንን “ልጅቷ የት ገባች?” እያልክ አታስጨንቃት፤ ሁሉም ሰላም ነው በላት። እኔ ቤት መምጣት ካሰኘህ ብቻህን ና። ወጌሻውን ይዘህ ከመጣህ በሩን አልከፍትም።

እግዜር ለአንተ ልቦና ይስጥህ፤ የልጆችህን እግር ከእንቅፋት፣ ከአንተም ችኮላ ይጠብቅልህ።

እህቶችህ