ሳይመረግ ያለፈ ክረምት

…ቤቱን ስንመርግ ጭቃ ጆሮህ ገብቶ ያለቀስክበት ዓመት ይሁን ወይስ የሚቀጥለው፣ አላስታውስም። ልጄ ባሞይ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይጋርድህ።

ከተማችን ጄኔ ደህና ናት። "እኔ ሳልመጣ ግድግዳውን ማንም እንዳይነካው" ብለህ ከሊዝበን ከጻፍክ ሁለት ክረምት አለፈ። አርክቴክቱ ልጄ የሰው አገር አሮጌ ቤት የሚያድነው ሳያስነካ ነው አሉ። የኛ ግን ጭቃ ነው። የምሥራቁ ጥግ ስለተናደ አልጋዬን አዛወርኩ፤ አታስብ።

ከአያቱ ጀምሮ ቤታችንን የሚመርገው ላሲና ዛሬ ጭቃውን አቡክቶ መጣ።

"ልጄ ይፍቀድ" አልኩት።

"እማማ፣ ደመናውም ፈቃድ ይጠይቀው?" ብሎ ሳቀ።

ዕድሜህ ይርዘም፣ እጅህ ይባረክ። "እሺ" ብለህ ብቻ ጻፍልኝ።

ላሲና "የጭቃ ገንዳዬን ላስገባ?" ብሎ ከደጅ ተጣራ። ይህን ደብዳቤ መጻፌን ቀጠልኩ። አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየና በሩን ዘግቶ ሄደ።