የእማማ እልፍነሽ እጆች

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ተዋበች፣ ቱርሚ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ እርግዝናዬ ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ ተመስገን።

እሑድ ከተማው አዋላጃችንን እማማ እልፍነሽን ሸለመ። የጂንካ ሰው ግማሹ በእጃቸው የተወለደ ነውና አዳራሹ «እናታችን!» እያለ አጨበጨበ።

ዛሬ ጠዋት ሊጠይቁኝ መጥተው እንደወትሮው ሆዴን ዳሰሱኝ። ሌላ ጊዜ «ይሄ ኳስ ተጫዋች ነው!» ብለው ይስቁ ነበር። ዛሬ እጃቸውን ሳያነሱ ብዙ ቆዩ።

«መጨረሻ የረገጠሽ መቼ ነው?» አሉኝ። ማስታወስ አቃተኝ።

ራሳቸው ባጃጅ ጠርተው ሆስፒታል አመጡኝ። አሁን አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እየጠበቅን ነው። «እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ» ብላቸው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

የጀመርሽለትን ሹራብ አትቸኩዪበት፣ እትዬ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ በጸሎትሽም አስቢኝ።

እህትሽ ምህረት