ንፋሱ ውስጥ የተገኘው ጩኸት

ኅዳር 3፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም በግ። ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስከትብ ዋልኩ። ጸጉሬ፣ ጃኬቴ፣ ምሳ ዕቃዬ ሳይቀር በግ በግ ይላል። ከዚያ ሳልታጠብ ሚኪ ሱቅ። ማይክ መቼም አያሸትም።

አንቺ አዲስ ደብተር ነሽና ምንም አታውቂም። ባጭሩ፦ ትዕግስት እባላለሁ። መሐል ሜዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ቀን በግ እከትባለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ራፕ እሠራለሁ። ሚኪያስ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ የሱቁን ጓዳ በእንቁላል ካርቶን ለብጦ ስቱዲዮ አድርጎታል። ሁለታችንም ቪዲዮ ቤት ሆረር ፊልም እያየን ያደግን ነን፤ ፊታችንን በሹራብ ሸፍነን፣ በሹራቡ ቀዳዳ። አሁን አልበም ይዘናል። ከዳር እስከ ዳር የሚያስፈራ። ስሙ «በሩን ማን ከፈተው?»። ከበሮ የለውም ማለት ይቻላል። በር ሲጢጥ ሲል አለ፣ ወፍጮ አለ፣ የሰው ትንፋሽ አለ። 2ኛው ትራክ ላይ ያለው ሰይጣን አውራ በግ ነው፤ መርፌ ስወጋው የቀዳሁት፣ ሚኪ አዘግይቶት። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እኔው ራሴ ከወንበር ተነሣሁ።

የዛሬው ግጥም፦

በሩ ተንኳኳ፤ «ማነው?» ስል ዝም፣
ዝም ላለ እንግዳ ወንበር አልስብም።

ሚኪ ግጥሙን ወደደው። ትራኩ ግን ባዶ ነው አለ። ንፋስ ይፈልጋል፤ በኮምፒዩተር የተሠራ ሳይሆን የእኛው፣ አጥንት የሚገባው። ከነገ ወዲያ መቅጃውን ይዞ ገደሉ አፋፍ ይሄዳል።

ኅዳር 5፣ ማታ

በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው። ብርዱ አይደለም።

ሚኪ ጠዋት መቅጃውን ካልሲ አልብሶ፣ አፋፉ ላይ ድንጋይ ሥር ወትፎት፣ እሱ ንፋስ ሽሽት ወዲያ ማዶ ቁልቁለቱ ውስጥ ተጋድሞ ቆየ። ከሰዓት ይዞት መጣ። አብረን አዳመጥን። ንፋስ። ንፋስ። አሁንም ንፋስ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር።

ከዚያ ጩኸት።

አንድ ጊዜ ብቻ። ከታች ይጀምራል፣ እንደ ማቃሰት። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ተመልሶ ንፋስ። ጅብ አይደለም፤ ጅብ አውቃለሁ። ቀበሮ አይደለም። ሰው ነው። ሴት።

ሚኪ አማተበ። ማንንም አላየሁም፣ ንፋሱ ለእኔ ከጀርባዬ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም አለ። ደግመን ከፈትነው። ደግመን ደነገጥን። ሰው ወድቆ ይሆን? ተሯሩጠን ያፋፉን ገበሬዎች ጠየቅን። የወደቀ የለም፣ የጠፋ የለም። አንዱ አዛውንት እዚያ ቦታ ክፉ ነገር አለ፣ ልጅ አትውሰዱበት አሉን።

ቤት ስገባ አከራዬ እትዬ ዘነበች ከወፍጮ ተመልሰው ዱቄት ሲገለብጡ ደረስኩ። ቅንድባቸው ነጭ ሆኗል። ፊትሽ ምን ሆነ አሉኝ። ብርድ ነው አልኩ። ስለ ጩኸቱ አልነገርኳቸውም፤ ባለቤታቸው ጋሽ ተክሌ ጓዳ ተኝተዋል። የድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፣ ልባቸው ታሟል። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሏል። በዚህ ግቢ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ጩኸቱ 4ኛው ትራክ ውስጥ ገባ። ጠይቀን ጠይቀን ባለቤት ስናጣ። እኔ ግጥሙን ስጨርስ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፣ ንፋሱ ይመጣል፣ ከዚያ እሱ። ሚኪ ማዳመጫውን አወረደ። አልበሙ አሁን ነፍስ ዘራ አለ። ልክ ነው። ያለዚያ እኮ ሁለት ወጣቶች ሰው ሲያስፈራሩ ነው የሚመስለው።

ሌላ፦ እትዬ ዘነበች ደስ የሚል ነገር ነገሩኝ። ልጃቸው ሀብታሙ ደውሎ ነበር። ሳዑዲ ለመግባት ከሄደ ቆይቷል። ገብቷል፣ ሥራ ይዟል፣ ትዕግስትን ሰላም በሉልኝ ብሏል። ገረመኝ። ግቢ ውስጥ እያለ እንኳ ከ«አለሽ?» ሌላ ቃል አይወጣውም ነበር። ሰው አገር ሲርቀው ይለወጣል። ሰላም በሉልኝ አልኳቸው።

ኅዳር 16

ለቀቅነው! ቴሌግራም ላይ፣ ዩቲዩብ ላይ፣ ሰው በሚሞሪ እየተቀባበለው። የደ/ብርሃን ሚኒባስ ወያላዎች 4ኛውን ይከፍቱና ጩኸቱ ሲመጣ ተሳፋሪው ሲዘል ይስቃሉ። ዛሬ መናኸሪያ አንዲት ሴትዮ ወያላውን በጃንጥላ መታችው። አዲስ አበባ ዝግጅት የሚያዘጋጅ ሰውም ደወለ። የምትጮኸዋ ተዋናይ ማናት፣ እሷንም ይዛችሁ ኑ አለ። ሚኪ ሚስጥር ነው አለው።

እትዬ ዘነበች፦ ሀብታሙ ደግሞ ሰላም ብሎሻል።

ኅዳር 19፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል ልሞክር።

ልብስ አስጥቼ ገባሁ። አልበሙ በትንሿ ስፒከር ተከፍቷል። እትዬ ዘነበች የሽሮ ፍትፍት ይዘውልኝ መጡ። 4ኛው ትራክ ላይ ነበር። ንፋሱ መጣ። ጩኸቱ መጣ።

ሳህኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ሄዱና ስፒከሩን በመዳፋቸው አፈኑት። የሚያለቅስ ሕፃን አፍ እንደሚይዙት ዓይነት።

«አጥፊው። ተክሌ ይሰማል።»

አጠፋሁት። ከየት አመጣችሁት አሉኝ። ንፋስ ስንቀዳ፣ አፋፉ ላይ፣ ማን እንደሆነች አናውቅም፣ እያልኩ ተንተባተብኩ። መዳፋቸውን ከስፒከሩ አላነሡም።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ሳህኑን አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ሳይበርድ ብዪ።» ወጡ።

ፍትፍቱ እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ። አልነካሁትም።

ኅዳር 20

ጋሽ ተክሌ ፀሐይ ሊሞቁ መናኸሪያ ሲሄዱ ጠሩኝ። ባቄላ እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ ነገሩኝ።

ያን ቀን ስልክ ተደወለ። ከሀብታሙ ጋር አብሮ የሄደ ልጅ። ጀልባዋ ተገለበጠች፣ ሀብታሙን ባሕር ወሰደው፣ አስከሬንም የለ። ልጁ ይህን ብሎ ማልቀስ ጀመረ። እትዬ ዘነበች «እሺ የኔ ልጅ፣ አይዞህ» ብለው ዘጉት። ጋሽ ተክሌ ጓዳ ተኝተዋል። እዚያው ቢጮኹ ሁለት ሬሳ ሊሆን ነው። እህሉን ተሸክመው ወፍጮ ቤት ልሂድ ብለው ወጡ። ወፍጮውን አልፈው ሄዱ። አፋፉ ድረስ።

«ለሰው አላልኩትም ልጄ። ለንፋሱ ነው ያልኩት። ይወስድልኛል ብዬ።»

ከዚያ ተመልሰው እህሉን አስፈጩ። ዱቄቱን ይዘው ገቡ። እኔም ደረስኩ። ፊትሽ ምን ሆነ ያሉኝ እሳቸው ናቸው! እኔን!

ከሁሉ የሚከብደው ግን፦ ሰላምታው። «ሀብታሙ ሰላም ብሎሻል።» ጋሽ ተክሌ እንዲሰሙ ነበር፣ ጮክ ብለው፣ በር ላይ ቆመው። እኔ ከሞተ ሰው ሰላምታ ተቀብያለሁ። መልሼም ልኬለታለሁ። ያንን ሁሉ ፊልም አይቼ፣ ያንን ሁሉ ግጥም ጽፌ፣ ሳቂታ ፊት ይዤ «ሰላም በሉልኝ» ብያለሁ።

አስምለውኛል። ገናን ይዋልልኝ አሉ። ተክሌ ገናን በደስታ ይዋል፣ ከዚያ አባ ይነግሩታል። አባ የሚሏቸው የንስሐ አባታቸውን ነው። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ኅዳር 21፣ ጽዮን

ለሚኪ ግን ነገርኩት። ጩኸቱ እንዲወጣ የግድ ነበር። መጀመሪያ ፊቱ አመድ ሆነ። ቁጭ አለ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሌላው ሚኪ ተመለሰ። ማን መሆኗን የሚያውቅ የለም አለ። ወጥቷል፣ በየሰው ስልክ ገብቷል፣ ከየት ይሰበሰባል አለ። አዲስ አበባ የጠሩን ለእሱ ነው አለ። ጮህኩበት። የእንቁላል ካርቶኑ ድምፄን ዋጠው።

የሚያስደነግጠኝ የእሱ አይደለም። ስወጣ፣ ከእኔም ውስጥ አንዱ ግማሽ «ልክ ነው እኮ» አለ። በጽዮን ቀን።

ኅዳር 23

ደረሰ። የፈራነው።

ጋሽ ተክሌ መናኸሪያ ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ሳለ ሚኒባሱ ከፈተው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ተነሥተው ወደ ቤት። በር ላይ አገኘኋቸው። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ዘነቡን ምን አድርጋችኋት ነው እንዲህ የጮኸችው?»

የእትዬ ዘነበች አይደለም ልል ነበር። አልወጣኝም። እሳቸውም አልጠበቁኝም።

«ሀብታሙን የወለደች ቀን በር ላይ ቆሜ የሰማሁት ድምፅ ነው። አይጠፋኝም።»

አዩኝ። ዝምታዬን አዩት። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ መሰለኝ፣ ክንዳቸውን ያዝኩ። ለቀቅ አደረጉኝ።

«አትንገሪኝ። አንቺ አይደለሽም የምትነግሪኝ። ወግ አለው።»

ከዘራቸውን ይዘው ወደ አባ ቤት ሄዱ። በዚያ ልብ፣ በዚያ ዳገት። ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። ዞር ብለው አላዩኝም።

ኅዳር 26

ትናንት ጎሕ ሲቀድ መርዶ ሆነ።

አባ እትዬ ዘነበችን አስጠርተው እውነቱን ሰምተው ነበር። ሽማግሌዎች ሰበሰቡ፤ ከጤና ጣቢያ ነርስም አንድ ጥግ አቆሙ። ገና በሩን ሳያንኳኩ ጋሽ ተክሌ ከፈቱላቸው። ለብሰው፣ ጫማ አድርገው ነበር። «ግቡ» አሉ። «አውቄአለሁ፤ ግን ንገሩኝ።» አባ ነገሯቸው። ሀብታሙ ብለው ስሙን ሲጠሩ ግቢው ተናጋ። ጋሽ ተክሌ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ወደቁ፣ ነርሷ ተንበርክካ ያዘቻቸው። ልባቸው ግን ቆየ። ሐኪሙም እኔም እትዬ ዘነበችም የፈራነው አልሆነም። ማታ ላይ ሾርባ ጠጡ። «አብሬሽ ባለቅስ ምን ነበረበት?» ሲሏቸው ሰማሁ። በቁጣ አይደለም። እትዬ ዘነበች ሾርባውን አማሰሉ።

እሳቸው አላለቀሱም። ቀኑን ሙሉ። የሀብታሙ ፎቶ ፊት ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዐይናቸው ደርቆ። አልቃሿ ግጥም ስትደረድር ሴቱ ሁሉ ደረቱን ሲደቃ፣ እሳቸው ዝም። ከኋላዬ ያሉት ይንሾካሾካሉ፦ ምን ዓይነት እናት ናት? አንዷ ደግሞ የሚልክላትን ብር ነው የምታስበው አለች። ደሜ ፈላ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። መክፈት ነው፤ እነሆ፣ ይህች ናት፣ ልጆቻችሁ የሚስቁበት ጩኸት የዚህች እናት ነው ማለት። ጣቴ ደርሶ ነበር። እትዬ ዘነበች ከዚያ ማዶ ቀና ብለው አዩኝ። እጄን አወጣሁ።

ሚኪ ድንኳን ሲተክል፣ አግዳሚ ሲሸከም ዋለ። አንድ ጊዜ ውኃ ሊሰጣቸው ጎንበስ አለ። «ተባረክ» አሉት። ከድንኳኑ ወጥቶ ከጀርባው ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት።

ታኅሣሥ 1

ለቀስተኛው ቀለል አለ። ዛሬ ሁለታችንም እትዬ ዘነበች ፊት ቀረብን። ሚኪ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ከለከሉት። አላወቃችሁም አሉ። ምን እናድርግ አልናቸው። አሰቡ።

«ንፋሱን ተዉት። እኔን አውጡኝ።»

በየስልኩ የገባውን መመለስ እንደማንችል ሚኪ ነገራቸው፤ ሳይዋሽ። ራሳቸውን ነቀነቁ። የምትችሉትን አሉ።

ስለዚህ ይወጣል። ከቴሌግራም፣ ከዩቲዩብ፣ ከኮምፒዩተሩም። ለወያላዎቹ ሚኪ አንድ በአንድ እየዞረ ይነግራል፤ አንዱ ከአሁኑ ስቆበታል። የአዲስ አበባው ሰውዬ ያለ ጩኸቱ አትምጡ አለ። አንሄድም። ይህን ስጽፍ ይቆጨኛል፣ አልዋሽሽም። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው ትራክ እሱ ነበር፤ የበለጠው ደግሞ የእኔ ባልሆነው ነገር ነው።

ስንነሣ እትዬ ዘነበች አንድ ነገር ጠየቁን። ሳይጠፋ አንዴ ልስማው። ያን ቀን እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም አሉ። ልጄን እንዴት አድርጌ እንዳለቀስኩት ልወቅ። ብቻዬን።

ወስነናል። ነገ ጠዋት ዘመሮ ሄጄ በግ እከትባለሁ፤ ከዚያ በፊት እወስዳቸዋለሁ። ሚኪ ከፍቶላቸው ይወጣል። እኔና እሱ ውጭ፣ በረንዳው ላይ እንቆማለን፣ መንገደኛ እንዳይገባ። ካርቶኑ ድምፅ አያወጣም። ማልቀስ ከፈለጉ ያለቅሳሉ፣ መጮህ ከፈለጉ ይጮኻሉ፣ የፈለጉትን ያህል ይቆያሉ። ሚኪን ማይኩን አጥፋው አልኩት። አጠፋዋለሁ አለ። አይሆንም አልኩ። ማጥፋት አይበቃም። ገመዱን ንቀለውና ማይኩን አውጥተህ ለእኔ ስጠኝ፤ እሳቸው እስኪወጡ እጄ ላይ ይቆያል አልኩት።