የቦራው ሞተር በቁመት ነው

ጋምቤላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሌማን፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ። እናትህ ግን ደህና አይደለችም፤ ሐኪሙ «ቤቷ ትረፍ» ብሎ መልሷታል፤ ትርጉሙ ይገባሃል። ከተማችን የክልል ከተማ ሆና ቢሮ በቢሮ ሆነናል፤ የቢሮዎቹ መኪኖችም ጋራዤን ሞልተውታል። ደስታው የት እንደገባ እንጃ።

«ኢጣልያ ገብቼ ሀብታሞች የሚሰበስቧቸውን የድሮ የስፖርት መኪኖች እጠግናለሁ» ያልክበት ደብዳቤ ከትራሷ ሥር ነው። በቀን ሁለቴ ታስነብበኛለች። እኔ ከሌለሁ ብየዳ የሚሠራልን ኦሞት ያነብላታል።

ያቺ የአልዌሮ ግድብ ሰዎች ጥለዋት የሄዱት መጽሔት ትዝ ትልሃለች? ሁለቱን የኢጣልያ የስፖርት መኪኖች፣ ዲኖንና ቦራን፣ ጎን ለጎን አድርጋ የምታወዳድረው? አንተ ለጉልበቷ ብለህ ባለ ስምንት ሲሊንደሯን ቦራ ትመርጥ ነበር፤ እኔ ዲኖን፤ ስድስት ቢሆንም ቀላል ናት፣ ጠማማ መንገድ አያስቸግራትም። የሁለቱም ሞተር ከሾፌሩ ጀርባ ነው። የዲኖ አግድም፣ ከጎን ወደ ጎን የተኛ እንደሆነ ተጽፏል። የቦራው ገጽ ተቀዶ ነበርና እኔ ከራሴ «እሱም አግድም ነው» አልኩህ። «አባባ፣ ስምንት ሲሊንደር በአግድም እንዴት ይበቃዋል?» ብትለኝ «ሠላሳ ዓመት ሞተር የፈታሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» ብዬ አፍህን አስያዝኩህ።

ባለፈው ሳምንት ከኦሞት ጋር ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ መኪና ልንጠግን ሄደን አንድ ፈረንጅ መካኒክ መጽሐፍ አሳየን። ቦራ ክዳኗ ተከፍቶ። ሞተሩ የተኛው በቁመት፣ ከፊት ወደ ኋላ ነው! ኦሞት አየኝ።

«ጋሽ ኢድሪስ፣ ሱሌማን ‹ሁለቱም አግድም ነው፣ አባባ እንዳለው› ብሎ ጽፏል። በእጁ ከፍቶ አይቶ አይደለም እንዴ የጻፈው?»

መጽሐፉን ዘግቼ ለፈረንጁ መለስኩለት።

ልጄ፣ ያን ክዳን አንድ ቀን የከፈተ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ደብዳቤህን ያመጣው ነጋዴም ካርቱም ላይ ከራስህ እጅ እንደተቀበለ ነግሮኛል። ይህንንም በእሱው እጅ እልካለሁ። አልተቆጣሁህም። የሚቆጨኝ፣ እውነቱን ያኔ ይዘኸው ነበር፤ ያስጣልኩህ እኔ ነኝ። ምን ላይ እንዳለህ፣ ምን እንደምትበላ አልጠይቅህም፤ መልሱን እፈራለሁ።

ና ብልህም አትደርስላትም። እሷም «እንዳትጠሩብኝ፣ ሥራውን ያጣል» ትላለች። እኔ ሳነብላት አሁን «የቦራው በቁመት ነው» እያልኩ ነው። አግድምና ቁመት ለእሷ አንድ ነው፤ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ግን ሞተሩን በቃሏ ታስረዳለች፤ ስህተት እንድታወራ አልፈለግሁም።

አንድ ደብዳቤ ጻፍላት፣ ቶሎ። ኢጣልያ ነኝ በላት። ኦሞት ሊያነበው ስለሚችል ግን የቦራውን ሞተር በቁመት አድርገህ ጻፍ።

እናትህ ዘሃራ «በሰው አገር አላህ አያሳፍርህ» ብላሃለች። እኔም አሚን ብያለሁ።

አባትህ ኢድሪስ